ላፕቶፓችን አቦል ወርዶ ቶና እስኪደርስ አይከፈትም፤ ፎርማት ላስደርገው ወይስ ልሽጠው?

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እንዴት ሰነበታችሁ?

ቤታችን አንድ ኤችፒ ላፕቶፕ አለ። አራተኛ ትውልድ ኮር አይ3 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10። ስንገዛውም ያገለገለ ነበር፤ ቢሆንም እስከ አምና ድረስ አላስቸገረንም። አሁን ግን አብርተነው የይለፍ ቃል እስኪጠይቅ አቦሉ ይወርዳል፤ ዎርድ ተከፍቶ መጻፍ እስኪቻል ቶናው ይደርሳል። ባለቤቴ በዚሁ ማሽን ማመልከቻና የመመረቂያ ጽሑፍ እየተየበች ቤት የምትደጉም ስለሆነ ነገሩ የመዝናኛ ጉዳይ አይደለም። በቀደም አንድ ተማሪ ጽሑፉን ሊያሳርም አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። እሷ አይጡን ይዛ ትጠብቃለች፣ ልጁ ሰዓቱን ያያል፣ ማሽኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጠቅ ጠቅ ይላል።

አንዱ ፎርማት አስደርገው አለኝ። ሌላው ሸጠህ ጨምረህ አዲስ ግዛ አለ። ሦስተኛው ራም ጨምርበት ይላል። ገንዘቡ እንደልብ አይደለምና ከመነካካቴ በፊት የምታውቁ ምከሩኝ።

ፈጣኑ (ኮምቦልቻ)

ፎርማት። በየስድስት ወሩ ፎርማት የማይደረግ ዊንዶውስ መድከሙ አይቀርም።

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

ፈጣኑ ወንድሜ፣ ስምህ ደስ ይላል፤ ምክርህ ግን ሰው ያስለቅሳል። እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የሚቀመጠው ማሽን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ሁለት ሦስት ቦታ ፎርማት የተደረገ ነው። ፎርማት የሚፈውሰው ዊንዶውሱ ራሱ ሲበላሽ፣ ቫይረስ ሲወርረው፣ የማይረባ ፕሮግራም ሲከመርበት ነው። የታመመው ሃርድ ዲስኩ ከሆነ ግን የሰው ልጅ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጠፋል፣ ዝግመቱ እንዳለ ይቀመጣል።

ሆጤ ሰፈር፣ ያ ጠቅ ጠቅ ያልከው ድምፅ አልጣመኝም። ለማንኛውም መጀመሪያ ማሽኑ የሚቆመው ምንን እየጠበቀ እንደሆነ እንወቅ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫን፤ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ምንም ሌላ ፕሮግራም ሳትከፍት ከላይ ያሉትን የፕሮሰሰር፣ የሜሞሪና የዲስክ መቶኛዎች አንብብልኝ። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ፕሮሰሰሩን ስትነካ ከሥሩ ማሽኑ ከተነሣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይጽፋል፤ እሱንም። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳይሸጥልህ።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

እግዜር ይስጥልኝ። ፕሮሰሰር 9 በመቶ፣ ሜሞሪ 71 በመቶ፣ ዲስክ 100 በመቶ። ዲስኩ ከመቶ ዝቅ ሳይል ብዙ ይቆያል። የገረመኝ የመጨረሻው ነው፤ ከተነሣ ሦስት ሳምንት አልፎታል ይላል። እኛ ግን በየማታው እንዘጋዋለን!

መምህርት ከሐይቅ (ሐይቅ)

የመጨረሻውን እኔ ልመልስ፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል።

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉት የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፤ ከርነል የሚባለውን የሥርዓቱን እምብርት ግን አያጠፋውም፤ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስተኛውና በማግስቱ ያንኑ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ በየማታው ቢዘጋም እምብርቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልታደሰም። ሪስታርት ስትሉት ግን ሁሉም ከሥሩ ይነሣል። በሳምንት አንድ ቀን ሪስታርት ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም።

ይህ ግን የእርስዎን ችግር ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። 100 በመቶ የሚለው ዲስክ ነው ዋናው።

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

መምህርት ልክ ናቸው። አሁን ወደ ዲስኩ።

እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው ሳህኑ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዓይነት ነው። ንባቡ ተከታታይ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ፊልም ስትቀዳ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል፤ አይከፋም። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል። ያን ጊዜ አንባቢው ክንድ ከዳር ዳር እየተመላለሰ በሰከንድ መቶ ጥያቄ መመለስ እንኳ ያቅተዋል። በገበያ ቀን ሱቅ ላይ ብቻውን የቆመ ባለሱቅ አስብ፤ አንዱ ክብሪት፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ስኳር ይለዋል፣ እሱ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይሮጣል። ታስክ ማኔጀር 100 በመቶ የሚልህ ሩጫውን ነው። ከሥሩ ብታይ በዚያ ሁሉ ሩጫ የሚነበበው በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ሜጋባይት ሊሆን ይችላል።

በሃርድ ዲስክ ፈንታ የሚገባው ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ግን ክንድም ሳህንም የለውም። በአንተ ላፕቶፕ የሚገባው የሳታ ዓይነት ተከታታዩን በሰከንድ 500 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ ሻጮች የሚያወሩት ይህን ቁጥር ነው። እኔ ግን ደንበኛ ሁሉ እንዲያውቅ የምፈልገው ሌላውን ነው፤ የተበታተኑትን ጥያቄዎች በሰከንድ በአሥር ሺዎች ይመልሳል። ልዩነቱ የሚሰማህ እዚህ ላይ ነው።

ራምስ? ራምህ ጠባብ ነው፣ አልክድም። ዎርድና ክሮም አንድ ላይ ሲከፈቱ 4 ጊጋባይቱ ይሞላል፤ የተረፈውን ዊንዶውስ ወደ ዲስክ ይገፋል፤ ዲስኩ ደግሞ ቀድሞውኑ ተጨናንቋል። ሁለቱንም መግዛት ከቻልክ ግዛ። አንዱን ብቻ ከሆነ ኤስኤስዲ ይቅደም።

ፈጣኑ (ኮምቦልቻ)

ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ነው ሃርድ ዲስኩ ያለከለከው። ኮምቦልቻ አምጡት፣ እዚህ ይተነፍሳል።

መምህርት ከሐይቅ (ሐይቅ)

ፈጣኑ ሊቀልድ ፈልጎ እውነት አጠገብ ደርሷል። የሃርድ ዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት በሳህኑ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ አየር ትራስ ነው፤ ለዚህም አምራቾች የሥራ ከፍታ ወሰን ያስቀምጣሉ፤ በአብዛኛው 3,048 ሜትር ወይም 10,000 ጫማ ይላል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች አታማኻኝም። የደላንታና የጉጉፍቱ ደጋ ሰዎች ግን ልብ በሉት፤ ኤስኤስዲ ውስጡ የሚዞር ነገር ስለሌለ የአየር ትራስ አይሻም።

ሆጤ ሰፈር፣ ከመግዛትዎ በፊት የአሁኑን ዲስክ ጤና እንይ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ፤ ቀይ ከሆነ አይነካካ።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ቢጫ ነው። 05 በሚለው መስመር መጨረሻ 18፣ ሲ5 በሚለው ደግሞ 8 ይላል። ይህ መቼም ትንሽ ቁጥር ነው አይደል?

መምህርት ከሐይቅ (ሐይቅ)

ፕሮግራሙ ካልቀየሩት በስተቀር የመጨረሻውን ዓምድ የሚጽፈው በአሥራ ስድስት መሠረት ነው፤ ስለዚህ 18 ያለው በእኛ አቆጣጠር 24 ነው። 05 ማለት ዲስኩ ተበላሽተው አግኝቶ በመጠባበቂያ ቦታ የተካቸው ክፍሎች ናቸው። ሲ5 ደግሞ ለማንበብ ተቸግሮ ገና ያልወሰነባቸው ናቸው። የሚያሳስበኝ ይኸኛው 8 ነው። እያንዳንዱን ለማንበብ ደጋግሞ ስለሚሞክር ገጹ ነጭ ሆኖ የሚቀረው ያን ጊዜ ሊሆን ይችላል።

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

እንግዲህ ስለ ፍጥነት ማውራት እናቁም። ዲስኩ ከእጅህ ሳይወጣ ሰነዱን አውጣ፤ ዛሬውኑ።

ዲፍራግ የሚባለውን የተበታተነ ፋይል ማሰባሰቢያ አታስኪድ። ዲስክ መጠገኛ የሚባለውንም አታስኪድ፤ ደካማ ዲስክ ላይ ሰዓታት የሚፈጅ ንባብ መጫን ነው፤ መሐል ላይ ሊሞትብህ ይችላል። መጀመሪያ ሌላ ቦታ የሌለውን ቅዳ፤ የደንበኞች ጽሑፍ፣ የልጆች ፎቶግራፍ። ፊልምና ዘፈን መጨረሻ። አንድ ፋይል ላይ ቆሞ ካለቀሰ ዝለለው፣ ሌላውን ጨርስና ተመልሰህ ሞክረው። የምትቀዳው ደግሞ ሁለት ቦታ ይሁን፤ አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ ተቀመጠ አይባልም።

ባትሪውስ ይሠራል? ባትሪው ሞቶ በቀጥታ ኮረንቲ የሚሠራ ከሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ይቋረጣል። እንደዚህ ያለ ማሽን ብዙ አይቻለሁ።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። መቅዳት ጀምሬያለሁ።

የወልድያ ሒሳብ ሹም (ወልድያ)

ሰዎች ዴስክቶፕና ዳውንሎድስን ቀድተው ጨረስን ይላሉ፤ ከዚያ ፎርማት ይደረግና ልቅሶ ይጀመራል። ሦስት ነገር ልጨምር።

ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የምትሠሩ ከሆነ ፎልደሩን ብቻ አትጎትቱ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታችሁ በራሱ ባክአፕ አውጡ። አውጥታችሁም ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የግዕዝ ፊደል ነው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ እኛ ቤት ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት በቪዡዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የድሮ ፊደሎች ተጽፏል። እንዲህ ያለው ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ማሽን ሲከፈት አማርኛው ጠፍቶ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሰነዱ አልጠፋም፣ ፊደሉ ነው የጠፋው። ስለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከሚለው ፎልደር የግዕዞቹን አብራችሁ ቅዱ።

ሦስተኛው የኢንተርኔት መክፈቻው ውስጥ ያስቀመጣችኋቸው የይለፍ ቃሎች። ወረቀት ላይ ጻፏቸው፤ ወረቀቱንም ላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ አታስቀምጡት።

ኮምቦልቻ ካምፓስ (ኮምቦልቻ)

እኔ የምለው፣ ሃርድ ዲስኩ ከተቀየረ ለምን ዊንዶውስ 10 መልሰን እንጭናለን? ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያለውን ማሽን ነው የሚቀበለው፤ አራተኛው ትውልድ አልደረሰበትም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ይጫን። ነፃ ነው፣ በ4 ጊጋባይት ይሠራል፣ ከደንበኛ ፍላሽ የሚመጣው የዊንዶውስ ቫይረስም አያገኘውም። እኛ ዶርም ውስጥ ከዚህ የባሰ ማሽን በሚንት ሕይወት ዘርቷል።

የወልድያ ሒሳብ ሹም (ወልድያ)

ፒችትሪስ? ሊኑክስ ላይ ፒችትሪን አስነሣለሁ ያለ አንድ ወጣት ቢሮአችን መጥቶ ነበር። ምሳ ሰዓት ደረሰ፣ እሱም ሄደ።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ባለቤቱ ነኝ፤ በእሱ ስም ገብቼ ነው። ልጄ፣ ስለ ሊኑክስ የጻፍከውን አነበብኩት። እኔ የምተይበው በፓወር ግዕዝ ነው፤ ጣቶቼ ቁልፎቹን ሳላይ ያውቃሉ። በሊኑክሱ እንደዚያው መጻፍ እችላለሁ? ተማሪዎቹስ ጽሑፉን በዎርድ ሲከፍቱት ማውጫውና የገጽ ቁጥሩ ቦታውን አይስትም?

ኮምቦልቻ ካምፓስ (ኮምቦልቻ)

እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ ኪማን አለ፣ ሌሎችም የአማርኛ መጻፊያዎች አሉ፤ አቀማመጣቸው ግን ስለሚለያይ ጣትዎ እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ሊብሬ ኦፊስ የዎርድን ሰነድ ይከፍታል፤ ረጅም የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ግን ሠንጠረዥና ማውጫ አንዳንድ ጊዜ ይዛነፋል። ለልጆች ማጥኛ ቢሆን ኖሮ አልለቅዎትም ነበር።

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

ይህ ልጅ ከእኔ በዚህ መልስ ወዳጅ አተረፈ።

እህቴ፣ እንጀራ የሚወጣበትን መሣሪያ በግንቦትና በሰኔ፣ ተማሪ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ አይቀይሩም። በዊንዶውስ 10 ይቀጥሉ። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት ዝመና ስላለው በዚያ ይመዝገቡ። የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሻል ያኔ እናያለን። ዊንዶውስ 11ን በዚህ ማሽን ላይ በጓሮ በር የሚያስገቡ አሉ፤ እኔ ግን ለሥራ ማሽን አላደርገውም።

አሁን ግዢው። ጋሼ ሆጤ ሰፈር፣ ይህን በደንብ አንብብ፤ ሰው የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ኤስኤስዲው 2.5 ኢንች የሳታ ዓይነት ይሁን። ረጅምና ጠባብ ሆኖ ማስቲካ የሚመስለውን ኤም ነጥብ 2 እንዳታመጣ፤ የሃርድ ዲስኩ ቦታ ላይ አይገባም። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለአንተ ይበቃል። ራሙ ዲዲአር3ኤል ነው፤ 1.35 ቮልት ተብሎ ተጽፎበታል። ዲዲአር4 ጥርሱ ሌላ ቦታ ስለሆነ አይገባም፤ የ1.5 ቮልቱ ዲዲአር3 ደግሞ ይገባል፣ ግን ላፕቶፑ ላይነሣ ይችላል። ሻጩ ያው ነው ቢልህ ያው አይደለም በለው። ከሁሉ የሚሻለው የድሮውን ራም ይዘህ ሄደህ አጠገብ ለአጠገብ ማየት ነው።

ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያጣላል። ነገር ግን ሁለት ቴራባይት ነው ተብሎ ከ256ቱ ባነሰ ዋጋ የሚሸጥ ካየህ እለፈው። እንደነዚህ ያሉትን ከፍቼ ስልክ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሚሞሪ በሙጫ ተለጥፎ አግኝቼባቸዋለሁ። ማሽኑ ቁጥሩን ያሳያል፤ ሲሞላ ግን የበፊቱን እየደመሰሰ ይጽፋል። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ስለሚያነብ ሐሰተኛውን ያጋልጠዋል። ስትገዛ ካልሠራ እመልሳለሁ ብለህ ደረሰኝ ላይ አስጽፍ።

ፈጣኑ (ኮምቦልቻ)

የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ ክሎን ቢያደርገው አይቀልም?

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

ጤነኛ ዲስክ ቢሆን ይቀል ነበር። ቢጫ የሆነውን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግን አደጋ ነው፤ የተበላሹት ፋይሎችም አብረው ይሻገራሉ። አዲስ ዊንዶውስ ከማይክሮሶፍት ራሱ በወረደ ፍላሽ ይጫን። የዊንዶውስ ማነቃቂያ ተብሎ በየፍላሹ የሚዞረውን ፕሮግራም አትክፈቱ፤ ብዙው ቫይረስ የሚገባው በእሱ በር ነው።

ገጠማው ራሱ ትንሽ ካቻቢቴ ብቻ ይፈልጋል። ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ፣ የማብሪያ ቁልፉን ጥቂት ሰከንድ ተጭነህ የቀረውን ኮረንቲ አፍስስ። ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው ወረቀት ላይ ደርድር፤ ርዝመታቸው እኩል አይደለም፣ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ብትከት ቦርዱን ይወጋል። ኤስኤስዲው ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው 9.5 ከነበረ ይላላል፤ አብሮት የሚመጣውን ፕላስቲክ ለጥፍበት፣ ከሌለ ተጣጥፎ የተለጠፈ ካርቶን ይበቃል።

ቢስቲማ መንገድ (ሐይቅ)

በመሐል ስለገባሁ ይቅርታ። የማሽን ማጽጃ ፕሮግራሞችስ? ሬጂስትሪ ያጸዳል፣ በእጥፍ ያፈጥናል የሚሉት?

መምህርት ከሐይቅ (ሐይቅ)

ሬጂስትሪን፣ ማለት የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ፣ ማጽዳት የሚታይ ፍጥነት አይጨምርም፤ የማይነካ ነገር ከነካ ግን ማሽን ያቆማል። ከታወቁት አንዱ ሲክሊነር በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 5.33 የተባለው እትሙ በጠላፊዎች ተበርዞ ከራሱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ለሕዝብ ወርዷል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ዲስክ ክሊንአፕ ጊዜያዊ ፋይሎችን ለማጥፋት ይበቃል። ጸረ ቫይረስም ሁለት አይጫንም፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር እየታደሰ ከሆነ ለቤት በቂ ነው።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ተገጠመ! ሰነዱ ሁሉ ወጥቷል፤ ሁለት የቆዩ ፎቶግራፎች ብቻ እምቢ አሉ። ሰፈራችን ያለ ልጅ አብሮኝ ነበር፣ እኔ ብሎን ደርዳሪ ሆንኩ። የይለፍ ቃሉን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጠይቃል። ዎርድ እንደተነካ ይከፈታል። ራሙ ለሚቀጥለው ወር ቀርቷል።

አሁን የቀረው የኢንተርኔት ነገር ነው። ከስልኬ ዳታ ሳካፍለው ጥቅሉ ወዲያው ያልቃል፤ ማሽኑም ያን ጊዜ ይዘገያል።

መምህርት ከሐይቅ (ሐይቅ)

እሰይ! ራሙ እስኪመጣ እነዚህን ያድርጉ።

ታስክ ማኔጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለውን ገጽ ይክፈቱ፤ ማሽኑ ሲነሣ አብረው የሚነሡት እዚያ ተዘርዝረዋል። ቴሌግራም፣ የፊልም ማውረጃ፣ የማያውቁት የፕሪንተር ረዳት፤ ዲሴብል ይበሏቸው። አልጠፉም፤ ሲፈልጓቸው ይከፍቷቸዋል። የዲፌንደርን ብቻ አይንኩ።

ቴሌግራም ለብቻው አንድ ነገር ይፈልጋል። በየቡድኑ የሚለቀቀውን ቪዲዮና ፎቶግራፍ ራሱ እያወረደ ያከማቻል። ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ከሚለው ገብተው በራሱ ማውረዱን ይዝጉት፤ እዚያው የተከማቸውንም ማጥፋት ይቻላል። በየቤቱ ጠባብ ዲስክ የሚሞላው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ከስልክ ስታካፍሉት ደግሞ ያንን ዋይፋይ ሚተርድ ኮኔክሽን ብለው ይመዝግቡት። ዊንዶውስ ዳታው የሚቆጠር መሆኑን ካወቀ ትልልቆቹን ዝመናዎች ያቆያል። ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ ያልተቆጠረ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ወስደው ያዘምኑት፤ ለዘላለም ማቆየት አይገባም።

መስኮቶቹ ሲከፈቱ የሚንሸራተቱትን ማስዋቢያዎች አጥፉ የሚል ምክርም ይሰማሉ። ማጥፋት ይቻላል። ብዙ አይጠብቁ።

ከሚሴ ገበያ (ከሚሴ)

አሰላሙ አለይኩም ጀመዓ። እኔ ደግሞ ኤስኤስዲ አለኝ፣ ራሜ 8 ጊጋባይት ነው፣ ግን ኤሊ ሆኗል። ዴል ላፕቶፕ ነው። ታስክ ማኔጀር ላይ ዲስኩ ባዶ፣ ሜሞሪው ግማሽ። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ብቻ 0.78 ጊጋኸርዝ ላይ ተቸክሎ አይንቀሳቀስም። ባትሪውም አይሞላም። ምን ላድርግ?

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

ወአለይኩም ሰላም። አብሽር፣ ይህ ቀላል ሊሆን ይችላል። ቻርጀሩ አብሮት የመጣው ነው ወይስ ከገበያ የተገዛ?

ከሚሴ ገበያ (ከሚሴ)

ከገበያ የተገዛ። የድሮው ገመዱ ተቆርጦ ነበር።

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

በርሜል የሚመስለው የዴል ቻርጀር ጫፍ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለችው። ላፕቶፑ በዚያች መርፌ ቻርጀሩን ስንት ዋት ነህ ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካላገኘ ባትሪውን አይሞላም፣ ፕሮሰሰሩንም ወደ ታች ጎትቶ ያስረዋል። ሲነሣ ስለ ኤሲ አዳፕተር የሚያወራ ማስጠንቀቂያ አይተህ ካለፍከው እሱ ነው። ቻርጀሩን ነቅለህ ባለችው ባትሪ ብቻ አስነሣው፤ ፍጥነቱ ከፍ ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ጓደኛህ ጋር ትክክለኛ ቻርጀር ካለ ሰክተህ አረጋግጥ። አንዳንዴ መርፌዋ ተጣማ ወይም የላፕቶፑ መሰኪያ ላልቶ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቻርጀር ብትቀያይርም አይድንም።

እንዲያውም ባይሆን ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ከሚሴ ቆላ ነው፤ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠህ የምትሠራ ከሆነ የአየር ማስገቢያው ይታፈናል። ከማራገቢያው ኋላ ያሉት የመዳብ ክንፎች መሐል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ባና ቁራጭ ተላጥቶ ሲወጣ አይቼ አውቃለሁ። ሲሞቅ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። መክፈትና ማጽዳት፣ የደረቀውን የሙቀት ቅባት መቀየር ነው። በአፍህ አትንፋው፤ ምራቅ ይገባል።

ከሚሴ ገበያ (ከሚሴ)

ሱብሓነላህ። ቻርጀሩን ነቀልኩት፣ 2.4 ገባ። መርፌዋ ተጣማለች።

ሆጤ ሰፈር (ደሴ)

ባለቤቱ ነኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ የወጣው ቢጫ ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ አለ። ልጆቹ በሽፋን አድርገን ፊልም እናስቀምጥበት ይላሉ። ቆራሌውም ትናንት በር ላይ መጥቶ ጠይቆናል።

መምህርት ከሐይቅ (ሐይቅ)

ለፊልም ይሁን፤ ቢጠፋ የማያስለቅስ ነገር ብቻ። ለቆራሌው ግን እንዳለ አይስጡት። እዚያ ላይ የደንበኞችዎ ጽሑፍ፣ የትምህርት ማስረጃቸው፣ የመታወቂያቸው ቅጂ አለ። ዴሊት የተደረገ ፋይል በቀላሉ ይመለሳል።

የቧንቧ ውሃው ጠጋኝ (ደሴ)

ልጆቹ ፊልሙን ሲጠግቡ ከፍታችሁ ሳህኑን በካቻቢቴ ፋቁት። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ መስተዋት ስለሆነ ሊሰበር ይችላል፤ መጀመሪያ በጨርቅ ጠቅልሉት። ውስጡ ሁለት ማግኔት አለ፤ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ጣት ይቆነጥጣል፣ ለትንሹ ልጅ አይሰጥ። የቀረውን አሉሚኒየም ቆራሌው ይውሰድ።